በጎ ዓላማና የተስፋ ዕዳ

በጎ ሥራ የሚሠራ ሰው፥ ሥራው በጎ ስለ ሆነ ብቻ፥ አብረውት ለደከሙት ካለበት ግዴታ ነፃ ይሆናልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን በዘመናችን ከነፋስ የኤሌክትሪክ ኀይል በሚያመነጩ ኩባንያዎች ዘንድ እንደ ገና ተነሥቷል።

የዴንማርኩ ኩባንያ ኧርስተድ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ይህ ድርጅት ቀድሞ ኀይልን የሚያገኘው ከድንጋይ ከሰል፥ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ስሙን ለወጠ፤ በባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን በመትከልም በዓለም የታወቀ ሆነ። ከዚህ በኋላ የብድር ወለድ ከፍ አለ፥ የዕቃም ዋጋ ናረ። በ2023 በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ጠረፍ ያቀዳቸውን ሁለት ጣቢያዎች ተወ፤ በ2025ም በሮድ አይላንድ አቅራቢያ ሊያልቅ የተቃረበው ሥራው በመንግሥት ትእዛዝ አንድ ወር ያህል ቆመ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፥ ከ8,000 ያህል የሥራ ቦታዎች 2,000 የሚሆኑትን እስከ 2027 መጨረሻ እንደሚቀንስ አስታወቀ።

ሠራተኛን መቀነስ ሁሉ በደል ነው ማለት አይቻልም። ቤቱ ሊፈርስ ሲል ዝም ብሎ የሚያይ መጋቢ፥ የቀሩትንም ያጠፋልና። በማዕበል ጊዜ መርከበኛ ጭነቱን ወደ ባሕር ይጥላል፤ ይህም ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ቀዛፊው ጭነት አይደለም። ሰው ክቡር ፍጥረት ሲሆን በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ወጪ ብቻ መቆጠሩ፥ የስሕተቱ ሁሉ መነሻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ይህ ነው። የነፋስ ኀይል ሠራተኞችን የጠራው በደመወዝ ብቻ ሳይሆን፥ «ይህ የነገው ሥራ ነው» በሚል ተስፋ ጭምር ነው። ተስፋ የሰጠ ደግሞ ባለዕዳ ነው። ስለዚህ የኩባንያ አለቆች እውነቱን ሳያዘገዩ መናገር፥ የችግሩን ሸክም ከራሳቸው ድርሻ ጀምሮ ማካፈል፥ የሚሰናበተውም ሌላ ሥራ እስኪይዝ መደገፍ ይገባቸዋል።

ዕዳው ግን የእነርሱ ብቻ አይደለም። ያን ሥራ ያበረታቱ መንግሥታትም፥ ከንጹሕ አየር የሚጠቀም ሕዝብም ተካፋዮች ናቸው። አየሩን ለማጽዳት የደከመው ሰው ያለ እንጀራ ቢቀር፥ የአየሩ መጽዳት ያን በደል አይሸፍነውም፤ የዓላማ በጎነት የሚታወቀው ዓላማውን የተሸከሙት ሰዎች በተያዙበት አያያዝ ነውና።