ሰባቱ ወንድማማቾችና ወረዳው

አዘና መጀመሪያ የሰው ስም ነበር ይላሉ በአማራ ክልል የሚኖሩ የአዊ አገው ሽማግሌዎች። በ«ሰባት ቤት አገው» ትውፊት መሠረት ከላስታ በኩል የመጡ ሰባት ወንድማማቾች አገሩን ተካፍለው ተቀመጡ። አንከሻ፣ ባንጃ፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ ዚገም፣ አዘና እና መተከል ይባላሉ። ድርሻቸውም በየስማቸው ተጠራ።

ታዲያ ዛሬ የወንድማማቾቹን ርስት በመንግሥት ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ግራ ይገባዋል። አንከሻ፣ ባንጃና ዚገም ስማቸው በወረዳ ላይ አለ። ቻራና ኳኩራ የራሳቸው ወረዳ የላቸውም። አዘና ወረዳ ሳይሆን ከተማ ናት፤ እሷም የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ሆና ቀርታለች፤ ቀደም ሲል አካባቢው በአንከሻ ሥር ነበር። ከሰባቱ መካከል የሌለው ጓጉሳ የሚለው ስም ደግሞ አንከሻ ጓጉሳ፣ አየሁ ጓጉሳና ጓጉሳ ሽኩዳድ በሚባሉ ሦስት ወረዳዎች ላይ ተበትኗል። ከሁሉ የሚገርመው የመተከል ነገር ነው። የሰባተኛው ወንድም ስም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የአንድ ዞን መጠሪያ ሆኗል፤ ትውፊቱ እንደ ወንድም የሚቆጥረውን ሕገ መንግሥቱ በሌላ ክልል አስቀምጦታል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል። ወሰን በፈጣሪ ፈቃድ የቆመ ነገር ነው ወይስ ሰዎች ተስማምተው የሚያሰምሩት? ኦሪት ዘዳግም የባልንጀራውን የወሰን ምልክት የሚያፈልስን ይረግማል፤ በገጠሩ ገበሬ ዘንድ ወሰን መግፋት የፍርድ ቤት ክስ ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ነው። የወረዳ ወሰን ግን በየዘመኑ ሲለዋወጥ የሚረገም ሰው የለም። በንጉሡ ዘመን አገሩ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የአገው ምድር አውራጃ ነበር፤ መቀመጫውም ዳንግላ። ከ1983 በኋላ ክልልና ዞን መጣ። በ1994 የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የየራሳቸውን የብሔረሰብ አስተዳደር ደነገገ፤ የአዊ መቀመጫ እንጅባራ ሆነች። ያ መስመር ባዶ ወረቀት አይደለም። ልጅ በትምህርት ቤት በአገውኛ ፊደል የሚቆጥረው፣ ገበሬ ማዳበሪያ የሚጠይቀው በዚያ መስመር ውስጥ ነው። «ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው» ብሎ ማለፍ ስለዚህ የሰነፍ ፍልስፍና ይመስላል።

ሰው ሠራሽ መስመር ምን ያህል እንደሚጎዳ የቼችንያ ተራሮች ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 የስታሊን መንግሥት ቼቼኖችን በሙሉ ጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ አጋዘ፤ ሪፐብሊካቸውን አፍርሶ መሬቱን ለአጎራባች ግዛቶች አደለ፤ የመንደሮቹን ስም ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሪፐብሊኩ ሲመለስ ካርታው እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። የተራራው የጋላንቾዥ ወረዳ ለብዙ ዓመታት ሰው አልባ ሆኖ ቆየ። ይሁንና ቼቼኖች «ከየት ነህ?» ሲባሉ የጎሣቸውንና የአባቶቻቸውን የተራራ መንደር መጥራት አላቆሙም። ወረዳውን የሰረዘው መንግሥት ይህን መሰረዝ አልቻለም።

አዊ እንዲህ ያለ ግፍ አልደረሰበትም፤ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይቆማል። የሚያገናኛቸው ሰው ራሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። የአዘና አካባቢ ገበሬ በትውልድ የአንዱ ወንድም ዘር ነው፤ በክርስትና የአንድ አጥቢያ ልጅ ነው፤ በመታወቂያ የአንድ ቀበሌ ነዋሪ ነው። ሦስቱ ወሰኖች አይገጥሙም። አጥቢያው የቀበሌውን መስመር ሊሻገር ይችላል፤ ገበያው ደግሞ ሁሉንም ይሻገራል። ገበሬው ሲሞት የሚቀበርበትን ደብር የሚወስነው ግን የቀበሌ ማኅተም አይደለም።

ስለ ወሰን ምንነት ከፈላስፎች መጻሕፍት ይልቅ ብዙ የሚናገረው በየገበሬው ሳጥን የሚቀመጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታደለው የመጀመሪያው ደብተር ማሳውን የሚያስረዳው በአዋሳኝ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የእገሊት ማሳ። ልኬቱም በገመድ ነበር። እንግዲህ በዚህ ደብተር መሠረት የአንድ ሰው መሬት ዳር ሌላው ሰው ነው። ጎረቤቱ ከሌለ ወሰኑን የሚያስረዳ የለም፤ ጎረቤቱ ከሞተ የወሰኑ ስም በወራሹ ይተካል። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ጥላው ወደ አጎራባቹ ጤፍ ሲያልፍ ጠብ የሚነሣውም ለዚህ ነው፤ ደብተሩ ጥላን አይመዘግብም።

በኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ነገሩን ቀይሮታል። አሁን ማሳው በካርታ ላይ የራሱ ቁጥር ያለው ቅርጽ ሆኗል። ወሰኑ ከሰው ስም ወደ ነጥብ የተሻገረ ይመስላል። ሆኖም ምዝገባው ሲካሄድ ባለ ይዞታው ብቻውን አይቆምም፤ አዋሳኞቹ ማሳው ዳር ተጠርተው «እዚህ ድረስ ነው» ማለት አለባቸው። ካልተስማሙ ማሳው በክርክር ላይ ተብሎ ይመዘገባል፤ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች፣ እነሱ ካልቻሉም ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ካርታውም ውሳኔያቸውን ይጠብቃል።