«ምን ጠየቁን?»



በምኖርበት ወረዳ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስብሰባ ተጠርተን ነበር። በዋዜማው የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ሰፈር ለሰፈር ሲዞር አመሸና በማግሥቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጉዳዩ በሰፈራችን መካከል የሚያልፈውን መንገድ ስለማስፋት ነው። መንገዱ ሲሰፋ በግራና በቀኝ ያሉ ሠላሳ ያህል ቤቶች ይነሣሉ። አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች ሲሆኑ የሚኖሩባቸውም እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ጉሊት የሚውሉ፣ የጡረታ ቀን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።

መድረኩን የያዙት ኃላፊ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሪፖርት አነበቡ። ከዚያ «አስተያየት ያላችሁ» ተባለና ሰባት ሰዎች ተናገሩ። አምስቱ አመሰገኑ። ስድስተኛው ስለ ውሃ መጥፋት አነሣ። ሰባተኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ «ምትክ የሚሰጠን ቤት የት ነው?» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱ «በሚመለከተው አካል ወደፊት ይገለጻል» ተባሉና ተቀመጡ። «በሐሳቡ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ሲባል እጅ ወጣ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ቤታቸው ከሚነሡት አንዱ የሆነባቸው ጎረቤቴ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ለመሆኑ ምን ጠየቁን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ይህን የምጽፈውም መልስ ስላጣሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የተደረገው ነገር ስም አለው፤ ማሳወቅ ይባላል። ማሳወቅ በራሱ ነውር አይደለም። ሹመኛ ያሰበውን ለሕዝብ መንገር ይገባዋል። ነውሩ ማሳወቁን ማማከር ብሎ መጥራት፣ በቃለ ጉባዔም ላይ «ነዋሪው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል» ብሎ ማስፈር ነው። በአገራችን ወግ ሽማግሌ የሚላከው ከሠርግ በፊት ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ በሬ ታርዶ፣ እንግዳ ተጠርቶ ካበቃ በኋላ የልጅቱን አባት «ልጅዎን ይሰጡናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ንቀት እንጂ ጥያቄ አይባልም። አባትየው እሺ ቢሉስ እሺታቸው ምን ዋጋ አለው? እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ አለ ሊባል ይቻላል ወይ?

የአዲስ አበባ ሰው ለስብሰባ እንግዳ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን በዚያው አዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። የነዋሪው የራሱ ማኅበር ይሆናሉ የተባሉት ቀበሌዎች ብዙም ሳይቆዩ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድባቸው መሰላል ሆኑ። ወላጆቻችን ወደ ስብሰባ የሚሄዱት ለመናገር ሳይሆን ለመቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፤ ቀበሌው ወረዳ ተብሏል፤ ከተማዋም በ11 ክፍለ ከተሞች ተከፋፍላለች። የአዳራሹ አቀማመጥ ግን ያው ነው። ጥቂቶች ፊታቸውን ወደ እኛ፣ እኛ ሁላችን ፊታችንን ወደ እነርሱ። ጠሪውም ተጠሪውም አንድ ነገር ለምደናል፤ ነገሩ ሌላ ቦታ አልቆ የመጣ መሆኑን።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ፣ ሲወጣ፣ ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት ማወያየት ግዴታ ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ስለ ዓይነቱ፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ሂደቱ ነው። ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ በዚህ ይለፍ ወይስ በዚያ የሚለው አልተጠቀሰም። አዋጁ ራሱ አንድ እግሩን ማማከር ላይ፣ ሌላውን ማሳወቅ ላይ ያቆመ ይመስለኛል። እንዲያም ሆኖ ያ አንድ ዓመት ራሱ ስንት ሰው በደረሰው! በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያፈርስ ብዙዎች ከተነገራቸው ቀን እስከ ወጡበት ቀን የነበረውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ነው የቆጠሩት። ዛሬ በዚያ ሲያልፉ የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያምራል። ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ጥያቄዬ ግን ስለ ውበቱ አይደለም።

አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከፍልም አይተናል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ቁጣ ቀሰቀሰ። በ2008 ዓ.ም. ቁጣው እንደገና ተነሥቶ ብዙ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር ወር እቅዱ ተሰረዘ። ባለሙያዎች የደከሙበት ያ ሰነድ ምናልባት መልካም ነገርም ነበረበት። ያልተጠየቀ ሰው ግን መልካሙንም ክፉውንም አብሮ ነው የሚጥለው።

እኛ ሙስሊሞች ሹራ የሚለውን ቃል በኩራት እናነሣለን። በስሙ የተጠራ ሱራ አለና። በዚያ ሱራ 38ኛው አንቀጽ ላይ መመካከር የተጠቀሰው ሶላትን ከመስገድና ከተሰጡት ሲሳይ ከመለገስ መካከል ነው። ሱራው የወረደው በመካ ነው፤ ሙስሊሞች መንግሥትም ከተማም ባልነበራቸው ጊዜ። እንግዲህ መመካከር የሥልጣን ባለቤቶች ሥነ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የአማኞች ጠባይ ሆኖ ነው የተነገረው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የኡሑድ ነገር ነው። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ የመካ ጦር ሲመጣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ይሻላል የሚል ዝንባሌ ነበራቸው። ባልደረቦቻቸውን አማከሩ። ብዙዎቹ፣ በተለይ በበድር ያልተገኙ ወጣቶች፣ ወጥተን እንግጠም አሉ። ነቢዩም የራሳቸውን ሐሳብ ትተው የእነርሱን ተቀበሉ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐምዛን ጨምሮ 70 ያህል ሰሃቦች ሸሂድ ሆኑ። እንግዲህ በእኛ ዘመን ስሌት ቢሆን ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው «አማክረን ምን አተረፍን? ሕዝብ ምን ያውቃል?» የሚል ደንብ ነበር። የወረደው ግን በተቃራኒው ነው። በአሊ ዒምራን ሱራ 159ኛው አንቀጽ ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ በነገሩም እንዲያማክሯቸው ታዘዙ። ምክሩ ጉዳት ካስከተለ በኋላ እንኳ መማከሩ አልተሰረዘም። ሌላም ነገር አለ፤ ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ መመካከር፣ ቀጥሎ ቁርጥ ውሳኔ፣ ከዚያ በአላህ መመካት ነው። ውሳኔው ከምክሩ በፊት አልመጣም።

ዑለማዎች የሹራ ውጤት መሪውን ያስገድደዋል ወይስ አያስገድደውም በሚለው ይለያያሉ። ሙልዚማ ነው የሚሉ አሉ፤ ሙዕሊማ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ፈታዋ ለመስጠት አቅሙም ድፍረቱም የለኝም። ይሁን እንጂ አያስገድድም የሚሉትም ቢሆኑ አስቀድሞ ወስኖ ጠይቄያለሁ ማለትን ሹራ ሲሉ አልሰማሁም። መሪው የሰማውን ላይቀበል ይችላል። ሲጠይቅ ግን ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችል ሰው ሆኖ መጠየቅ አለበት። ይህ የልብ ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም ምልክቱ በውጭ ይታያል። አንድ መሥመር እንኳ ያልተቀየረበት እቅድ ከመቶ ስብሰባ በኋላም ቢሆን ያልተማከሩበት እቅድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ። በእኛ አዳራሽ የነበረው ሰው በመቶ የሚቆጠር ነው፤ ቤቱ የሚነሣበት ግን ሠላሳ አባወራ ብቻ። በእውነት ነፃ ድምፅ ቢሰጥ እንኳ መንገዱ ያልፋል። ታዲያ ብዙኃኑ በጥቂቶች ጣራ ላይ እጅ ማውጣት ይችላል ወይ? ስለዚህ ሳስብ የሚመጣብኝ በታሪክ መጻሕፍት የተዘገበው የዑመርና የዐባስ (ረ.ዐ) ጉዳይ ነው። የመዲና ሰው በዝቶ መስጊደ ነበዊ ጠበበ። ኸሊፋው ዑመር በዙሪያው ያሉ ቤቶችን እየገዙ ሲያሰፉ የነቢዩ አጎት የዐባስ ቤት ቀረ። ዑመር ሦስት ምርጫ አቀረቡላቸው፦ በፈለጉት ዋጋ ለበይተል ማል እንዲሸጡ፣ በፈለጉት ቦታ ምትክ እንዲሠራላቸው፣ ወይም ለሙስሊሞች ሶደቃ እንዲያደርጉት። ዛሬ ካሳ፣ ምትክ ቦታ፣ የልማት ተሳትፎ የምንለው ማለት ነው። ዐባስ ሦስቱንም እምቢ አሉ።

የዘመኑ ኃያል መሪ፣ ለመስጊድ፣ ያውም ለዚያ መስጊድ፣ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም ከየት ይመጣል? ዑመር ግን አላስፈረሱም። ሁለቱ ተስማምተው ኡበይ ኢብኑ ከዕብን ዳኛ አደረጉ። ኡበይም ነቢዩ ዳውድ የአላህን ቤት ሊሠሩ ሲነሡ የአንድን ሰው ቤት ያለ ፈቃዱ ለመውሰድ ስላሰቡ እንደተወቀሱ ከነቢዩ የሰሙትን ነግረው በኸሊፋው ላይ ፈረዱ። ዑመር ፍርዱን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዐባስ ቤቱን በገዛ ፈቃዳቸው ለሙስሊሞች የሰጡት። ዑመርም ከበይተል ማል ሌላ ቤት ሠሩላቸው። መስጊዱ ሰፋ፣ ቤቱም ፈረሰ፤ ውጤቱ በግድ ቢሆን ኖሮ ከሚሆነው አልተለየም። ግን ያ ሰው እምቢ ማለት ስለቻለ እሺታው እሺታ ሆነ።

ሹመኞቻችን «ሁሉ እየተጠየቀ ከተማ አይለማም» ይላሉ። እውነትነት አለው። ሁሉም በየበሩ ልክ እቅድ ይጠምዘዝልኝ ካለ አንድ ቱቦ እንኳ አይቀበርም። ኡሑድ ላይም ነቢዩ ጥሩራቸውን ከለበሱ በኋላ ወጣቶቹ ተጸጽተው እንቅር ቢሉ አልተመለሱም፤ ለምክርም ማብቂያ አለው። ጥድፊያው ግን ሁልጊዜ ለምን በድሃው ሰፈር እንደሚጀመር የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የሚቻል መሆኑን ያሳዩም አሉ። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱን የግንባታ በጀት በየሰፈሩ ነዋሪውን ሰብስባ አማከረችበት። ስብሰባው የሚጀመረው ባለፈው ዓመት ቃል የተገባው ምን ያህል እንደተፈጸመ ከንቲባው ሂሳብ በማቅረብ ነበር። ቀጥሎ ነዋሪው ቅድሚያ የሚሰጠውን ይመርጣል፤ ፍሳሽ ነው? አስፋልት ነው? ትምህርት ቤት ነው? ጉዳዩን የሚከታተሉ ወኪሎችም ከራሱ ይመርጣል። አሠራሩ ኋላ ላይ ተዳክሟል፤ እንከን አልነበረውም አልልም። ሆኖም ሰዎቹ ገና ባልተበላ ገንዘብና ገና ባልተነካ ቦታ ላይ ነበር የሚጠየቁት።

ነገሩን ሁሉ በመድረኩ ላይ ለመጣል ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ምክር የተጠየቀ ሰው አደራ እንደተቀበለ ሰው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እኔ ያን ቅዳሜ አደራ በልቻለሁ። የኔ ቤት ከሚነሡት ውስጥ አልነበረም። ሰዓቱም ረፍዶ ነበርና ወደ ጉዳዬ ቸኩዬ ነበር። ደግሞም ማን ስሙን ይመዘግባል የሚል ፍርሃት በልቤ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልችልም። ከአዳራሹ ወጥተን ሻይ ቤት ስንገባ ግን ሁላችንም ተናጋሪ ሆንን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሹመኛው ላይ ስናማ ጭብጨባችንን ረስተን ነበር። ቃለ ጉባዔው ግን አልረሳውም፤ «በሙሉ ድምፅ» ሲል የእኔንም እጅ ቆጥሮ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ ለመጪው ቅዳሜ ተጠርቷል። ኢንሻአላህ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ፦ «ከዚህ እቅድ ውስጥ ገና ያልተወሰነው የትኛው ነው?» ትናንት ከመግሪብ በኋላ ለጎረቤቴ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሱን እኔ ብጠይቀው አይሻልም?» አሉኝ፤ «ቤቱ የኔ ነው።»