የኳስ ጀግና ክለብ ለመምራት ይችላልን?

ሰው በአንድ ሙያ ከፍ ያለ ዝና ባገኘ ጊዜ፣ ያንን ሙያ ለሌሎች ለማስተማርና የሙያውን ሰዎች ለመምራት ከእርሱ የተሻለ አይገኝም ብሎ ማሰብ በየአገሩ የተለመደ ነው። ጎበዝ መምህር ሲገኝ ዲሬክተር ይደረጋል፤ ጽሕፈቱ የተመሰገነለት ጸሐፊ የክፍል ሹም ይሆናል፤ በሜዳ ላይ ሕዝብን ሲያስደንቅ የኖረ የእግር ኳስ ተጫዋችም ጫማውን በሰቀለ ማግሥት ክለብ እንዲመራ ይጠራል። አሳቡ በመጀመሪያ ሲሰሙት የማያከራክር ይመስላል። ኳስን ከእርሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ተጫዋቾችስ ከእርሱ ይልቅ ማንን ይሰማሉ? ነገር ግን የክለቦችን ታሪክ ለመረመረ ሰው፣ ይህ እምነት አንዳንድ ጊዜ ሲሠምር አንዳንድ ጊዜም ክፉኛ ሲከሽፍ ይታያል። ስለዚህ ነገሩ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ስለ ሆነ ለቁም ነገር መጽሔት አይገባም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ማድረግን ማወቅና ማስደረግን ማወቅ አንድ ናቸውን? ለባለውለታ የሚገባው ክብር በምን ይከፈላል? ሹመት የሚሰጠው ለተሿሚው ነው ወይስ ለሚመራቸው ሰዎች? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሕፈት ቤትም በትምህርት ቤትም የሚነሡ ናቸው። የኳስ ሜዳ የሚለየው ውጤቱ በየሳምንቱ በሕዝብ ፊት ተቈጥሮ ስለሚታይ፣ ስሕተትን ለመሸፈን የማይመች በመሆኑ ብቻ ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ እንመልከት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሰሜን እንግሊዝ አገር አሺንግተን በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ ከአንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤት ጃክ ቻርልተን በ1935፣ ቦቢ ቻርልተን ደግሞ በ1937 ተወለዱ። ታናሹ ቦቢ እግዚአብሔር ኳስ እንዲጫወት የፈጠረው ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለማንቼስተር ዩናይትድ 758 ጊዜ ተሰልፎ 249 ግብ አገባ፤ ለአገሩም በ106 ጨዋታ 49 ግብ አስቈጠረ። በ1958 ብዙ ጓደኞቹ ካለቁበት የሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ተርፎ፣ በ1966 የዓለምን ዋንጫ ከአገሩ ቡድን ጋር ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ1968 ክለቡ የአውሮፓን ዋንጫ ባነሣበት ፍጻሜ ሁለት ግብ አገባ። ታላቁ ጃክ በአንጻሩ የሊድስ ዩናይትድ ተከላካይ ነበር። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ አጨዋወቱ ከውበት ይልቅ ጥንካሬ የበዛበት ነበረ። ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። እርሱም በ1966 ከወንድሙ ጎን ቆሞ ዋንጫውን ቢወስድም፣ ከሁለቱ የተፈጥሮ ስጦታው የበለጠው ማን እንደ ሆነ በዘመኑ የተከራከረ ሰው አልነበረም።

በ1973 ሁለቱም ከክለባቸው ተሰናበቱ፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት የክለብ መሪዎች ሆኑ። ቦቢ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድን፣ ጃክ ሚድልስብሮን ያዙ። ሁለቱ ክለቦች የሚገኙት በአንድ ደረጃ፣ ማለት በእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበረ። ዓመቱ ሲፈጸም የጃክ ቡድን አንደኛ ወጣ፤ ያውም ድል ሁለት ነጥብ ብቻ በሚያስገኝበት በዚያን ዘመን ተከታዩን በ15 ነጥብ በልጦ ነው። የቦቢ ቡድን ግን ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ቦቢ የሰቀለውን ጫማ አውርዶ ራሱ ለክለቡ ተጫወተ። በ1975 በአንድ ተጫዋች ሽያጭ ምክንያት ከክለቡ አስተዳዳሪዎች ጋር ባለመስማማቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ከዚያም ወዲያ በቋሚነት የክለብ አሠልጣኝ አልሆነም። ጃክ ግን ብዙ ዓመት በአሠልጣኝነት ሠርቶ፣ በኋላ የአየርላንድን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በ1990 የዓለም ዋንጫ እስከ ሩብ ፍጻሜ አደረሰ።

አንድ ምሳሌ ሕግ እንደማይሆን የታወቀ ነው፤ ክለቦቹም በሀብትና በተጫዋች ፍጹም እኩል ነበሩ አይባልም። ቢሆንም በአንድ ቤት ያደጉ፣ በአንድ ቀን የዓለም ዋንጫ የተቀበሉ፣ በአንድ ዓመት አንድ ዓይነት ሥራ የጀመሩ ወንድማማቾች እንዲህ ሲለያዩ ማየት ምክንያቱን እንድንፈልግ ያስገድደናል።

የመጀመሪያው ምክንያት ዕውቀት የሚቀመጥበት ቦታ መለያየት ይመስለናል። ታላቅ ስጦታ ያለው ተጫዋች ኳሱ ወደ እርሱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አያሰላስልም፤ እግሩ ከአሳቡ ይቀድማል። እንዴት እንዳደረገው ቢጠየቅ «እንዲሁ አደረግሁት» ከማለት በቀር የሚመልሰው ላይኖረው ይችላል። መካከለኛው ተጫዋች ግን በተፈጥሮ ያላገኘውን በማስተዋል ለመሙላት ይገደዳል። የት መቆም እንዳለበት፣ ባላጋራው ወዴት ሊዞር እንደሚችል፣ ጓደኛው ሲያጠፋ ቀዳዳውን ማን እንደሚደፍን ዘወትር ያስባል። ጃክ ቻርልተን ገና ተጫዋች ሳለ የአሠልጣኝነትን ትምህርት እየተመላለሰ ይማር ነበር። በተፈጥሮ የተሰጠን ነገር ለሌላው በቃል ማስተላለፍ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ተምረው ያገኙትን ነገር ግን የተማሩበትን መንገድ እያስታወሱ ማስተማር ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ለራሱ ቀላል የነበረው ነገር ለሌላው ለምን እንደሚከብድ ጀግናው በቶሎ አይረዳም። በሒሳብ እጅግ የበረታ ሰው ለደካማ ተማሪ ሲያስረዳ የሚደርስበትን ንዴት መምህራን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ተማሪው ያልገባው የሰነፈ ይመስለዋል፤ ተማሪውም መናቁን በቶሎ ይረዳና ልቡን ይዘጋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት የሥራው ጠባይ መለወጥ ነው። ተጫዋች ሥራውን የሚሠራው በራሱ እግር ነው፤ መሪ ግን በሌሎች እግር ይሠራል። ከሜዳው ዳር ቆሞ ነገር ሲበላሽ እያየ ገብቶ ለማቃናት አይችልም። ያን ጊዜ ማድረግ የሚችለው አስቀድሞ ያስተማረውን ማመን ብቻ ነው። ቦቢ ቻርልተን ተመልሶ ጫማውን ማጥለቁ ለክለቡ ካለው ፍቅር እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ የጀግና መሪን ፈተና ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምልክት ማግኘት ያስቸግራል። ሥራው ሲጠብቅበት «እኔ ልግባ» የሚል ሹም በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የበታቾቹን ደብዳቤ ሁሉ ራሱ ሲጽፍ ያመሻል፤ የበታቾቹ ግን መጻፍ ሳይማሩ ይቀራሉ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ ክለብ መምራት ያለበት ያልተጫወተ ሰው ነው ማለት ይገባልን? ለዚህ አሳብ የሚቆም ምስክር አይጠፋም። ጣሊያናዊው አሪጎ ሳኪ በሙያ ደረጃ ኳስ ያልተጫወተና በጫማ ንግድ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ሚላንን መርቶ በ1989ና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ አከታትሎ ወሰደ። አለመጫወቱን እያነሡ ለሚነቅፉት፣ ጥሩ ፈረሰኛ ለመሆን አስቀድሞ ፈረስ መሆን እንደማያስፈልግ መመለሱ ይታወቅለታል። መልሱ ያስቃል፤ እውነትም አለበት። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በጨዋታ መካከል እግር ሲዝል፣ ሕዝብ ሲሳደብ፣ በረኛ ሲሳሳት በሰው ልብ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ቀምሶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሀብት ነው።

ይህንንም ሆላንዳዊው ዮሐን ክራይፍ አሳይቷል። ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሳለ፣ ባርሴሎናን ከ1988 እስከ 1996 መርቶ አራት ዓመት በተከታታይ የስፔይንን ሻምፒዮንነት፣ በ1992ም ክለቡ ከዚያ በፊት አግኝቶት የማያውቀውን የአውሮፓ ዋንጫ አስገኘ። ነገር ግን ክራይፍ ገና ተጫዋች ሳለ በሜዳ ላይ ጓደኞቹን በእጁ እያመለከተ፣ በቃሉ እየገሠጸ ቦታ የሚያስይዝ ሰው ነበረ። ጥበቡ በእግሩም በምላሱም ነበረች።

የዚነዲን ዚዳን መንገድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በ1998 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ግብ ያገባው ይህ ሰው በ2006 መጫወቱን ካቆመ በኋላ ወዲያው ክለብ አልያዘም። በ2013 በሪያል ማድሪድ የካርሎ አንቼሎቲ ረዳት ሆነ፤ ቀጥሎ የክለቡን ሁለተኛ ቡድን አሠለጠነ፤ ዋናውን ቡድን የተረከበው በ2016 መጀመሪያ ነው። ከዚያም በ2016፣ በ2017ና በ2018 የአውሮፓን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አከታተለ። በአንጻሩ የ2006 የዓለም ዋንጫ ባለድል አንድሬያ ፒርሎ በ2020 አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሠለጥን፣ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነውን ዩቬንቱስን እንዲመራ ተሾመ። የጣሊያንን ዋንጫ ቢያስገኝም ቡድኑ በሊጉ አራተኛ ሆነና ከአንድ ዓመት በኋላ ተሰናበተ። በእኛ የቅኔ ቤት ልማድ የተደነቀ ደቀ መዝሙር እንኳ በመምህሩ ሥር ሆኖ ጀማሪዎችን ሳያስጠና ወንበር አይዘረጋም። አባቶቻችን የቅኔ ስጦታና የማስተማር ስጦታ ሁለት መሆናቸውን ከረጅም ዘመን በፊት ያወቁ ይመስላል።

ከአገራችንም ምስክር ብንጠራ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን እናገኛለን። እርሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን የታወቁ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ አሠልጣኝ ሆነው ኢትዮጵያን ለድል አበቁ። ግን ከተጫዋችነታቸው ጎን ለጎን በስፖርት ድርጅት ሥራ የደከሙ ስለ ነበሩ፣ ሰውን ማስተባበር የጀመሩት ጫማ ከሰቀሉ በኋላ አልነበረም። በዚያው ፍጻሜ አራተኛዋን ግብ ያገቡት አቶ መንግሥቱ ወርቁም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። ቡድኑ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ በሁለቱ ጨዋታ ተሸነፈ። ይህን አይቶ ጀግናው አልቻሉም ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ ውድድር የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው ፍርዱን ያለዝባል። መሪ ዕውቀትን ይሰጣል እንጂ ለተጫዋቹ የራሱን እግር ሊያውሰው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የግብረ ገቡን ነገር እናንሣ። ክለቦች ጀግናቸውን የሚሾሙት ሁልጊዜ ለመምራት ይችላል ብለው አይደለም። አንዳንዴ ለውለታው ዋጋ ለመክፈል፣ አንዳንዴም ስሙን ጋሻ አድርገው የሕዝብን ቊጣ ለማብረድ ነው። ይህ አድራጎት ክብር ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ነው። ሰውዬው ያልተማረውን ሥራ ይዞ በሕዝብ ፊት ይወድቃል፤ ትናንት ያጨበጨበለት ሕዝብ ዛሬ ይጮኽበታል፤ ተጫዋቾቹም እንጀራቸው በማይሆን አመራር ይበደላል። ከዚህም በላይ አንድ ያልተነገረ ግፍ አለ። ስም የሌለው ጀማሪ አሠልጣኝ በትንሽ ከተማ፣ ማንም ሳያየው እየተሳሳተ የመማር ዕድል አለው። ጀግናው ግን ዝናው ይህን ዕድል ይነሣዋል፤ የመጀመሪያ ስሕተቱ በአደባባይ ነውና።

ውለታን ለመክፈል ሌላ መንገድ ሞልቷል። ቦቢ ቻርልተን በ1984 የማንቼስተር ዩናይትድ የአስተዳደር ቦርድ አባል ሆነ፤ በ2016 ደግሞ የሜዳው አንዱ ወገን በስሙ ተሰየመ። በ2023 ሲሞት ሕዝብ ያለቀሰለት የፕሬስተንን ዓመታት እያሰበ አልነበረም። ክብር በስም፣ በጡረታ፣ በመታሰቢያና በምክር ወንበር ሊከፈል ይችላል። ሹመት ግን የሚመሩት ሰዎች ሀብት ነውና ለማንም በስጦታ ሊሰጥ አይገባም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን ያለን መልስ ይህ ነው። የኳስ ጀግና ክለብ ለመምራት ይችላል፤ ግን ጀግና ስለ ነበረ አይደለም። ለራሱ ቀላል የነበረውን ከባድ አድርጎ ማየትን የተማረ፣ ከታች ተነሥቶ እንደ ገና ተማሪ ለመሆን ያላፈረ፣ ጭብጨባው ለሌላው ሲሆን ከልቡ የሚደሰት እንደ ሆነ፣ ያለፈው ዝናው በመንገዱ ላይ መብራት ይሆንለታል። እነዚህ ከሌሉት ግን ያው ዝና ዐይኑን ያጭበረብረዋል። ሿሚዎችም ሰውን ለወንበር ሲያጩ «ምን ሠራ?» ብለው ብቻ ሳይሆን «በእርሱ ምክንያት ሌሎች ምን ለመሥራት ቻሉ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ክለቡም ጀግናውም ከኀፍረት ይድናሉ።