የማን ሣር እየደረቀ ነው?
(ምሳሌ 27፥23-27)

አገር ቤት የጭነት መኪና እየነዳችሁ መሬትም የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሣሩ ለአጨዳ ይደርሳል፤ ጭነቱም አልጠብቅም ይላል። ሣሩ ከዘገየ ይጠነክራል፣ ከብት አይጠግብበትም፤ እርጥቡን ከከመሩት ደግሞ ይሻግታል። ሹፌሩ ግን አንድ ሰው ነው፤ ምን ያድርግ?

ጠቢቡ ስለ መንጋ ሲመክር ድርቆሹንም አልረሳም፤ ሀብት አላፊ ነውና። የመንገድ ብር መልካም ነው፣ ላሟ ግን ብር አትበላም።

ገበሬው ለዚህ ወንፈል አለው፦ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። መክብብም 4፥9 ላይ ከአንድ ሁለት ይሻላል ይለናል።

እዚህ ካምፕም የቀን ሥራ ሲወጣ ልጁን የሚያይለት፣ ውሃ የሚቀዳለት ያጣ ጎረቤት አለ። በዚህ ሳምንት በሩን አንኳኩ። ጌታ ይርዳን፤ አሜን።