ማደሪያ ያጣ ወንዝ፣ ማደሪያ ያገኘ ግንድ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው መረጋጊያ ሳይኖረው ሸክም ለሚያበዛ ሰው ነው። ጎጆ ሳይቀልስ ጓዝ የሚሰበስብ፣ የራሱ ሳይሞላለት የሌላውን ጣጣ ተሸክሞ የሚንከራተት ሁሉ በዚህ ተረት ይነካል። ምስሉ የክረምት ጎርፍ ነው፤ ደፍርሶ የሞላው ዓባይ ከዳር የነቀለውን ዛፍ ይዞ ይወርዳል፣ የትም አያሳርፈውም። ስለዚህ ተረቱ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ይላል፦ ወንዙ ቤት የለውም፣ ሸክሙም ለማንም አይረባም።

ሁለተኛው ፍርድ ሊፈተን ይገባል። ለዚህ በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በስፔይ ወንዝ አፍ ላይ ያለችው ኪንግስተን ጥሩ ምስክር ናት። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ የሚያየው ጥቂት ቤቶች፣ ረጅም የጠጠር ክምርና ባሕር ነው። መንደሯን የቆረቆራት ግን ግንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1783 ዊልያም ኦዝቦርን የተባለ የሃል ከተማ ነጋዴ የግሌንሞርን የጥድ ደን ከጎርደን መስፍን ገዛ። ደኑ ከባሕሩ ርቆ በኬርንጎርም ተራሮች ሥር ስለነበር ያን ሁሉ ግንድ የሚያወርደው ወንዙ ብቻ ነበር። ላይ ያሉት ሐይቆች ይገደባሉ፤ ውሃው ሲጠራቀም ይለቀቅና ግንዱን እየገፋ ከስፔይ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ግንዶቹ እርስ በርስ ተጠፍረው፣ ሰው እየነዳቸው እስከ ባሕሩ ይወርዳሉ። ከኦዝቦርን በፊት በነበረው ዘመን ነጂዎቹ ግንዱን የሚመሩት በቆዳ በተለበጠች፣ አንድ ሰው በጀርባው ሊሸከማት በሚችል ጀልባ ነበር።

በ1806 ለመስፍኑ ከዚያው ደን ዛፍ የተሰነጠቀ፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሳንቃ ተበረከተለት። በላዩ የሰፈረው ጽሑፍ እንደሚለው በ22 ዓመት ውስጥ በወንዙ አፍ 47 መርከቦች ተሠርተዋል፤ ትልቁ 1,050 ቶን ነበር። ተረቱ ያላየው ይህን ነው፦ ታች ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ማደሪያ የሌለው ወንዝ ይዞት የሚዞረው ግንድ ለሌላው እንጀራና ቤት ይሆናል። ሸክሙ መርባት አለመርባቱን የሚያውቀው ተሸካሚው ሳይሆን ተቀባዩ ነው።

ያው ሳንቃ ግን ደኑ በሙሉ እንደተቆረጠ በኩራት ይናገራል። ይህ የሚያኮራ አልነበረም። ተረቱ ለወንዙ ያዝናል፣ ሳንቃው ነጋዴውን ያወድሳል፤ የተመነጠረውን ተራራ ያሰበ የለም። የቤት ማጣት ነገር ከተነሳ ከወንዙ ይልቅ የሚመለከተው ደኑን ነው።

የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ግን በስፔይ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ወንዙ ቁልቁል የሚያመጣውን ጠጠር ማዕበሉ መልሶ ይከምረዋል፤ አፉ ይደፈንና ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ወደ ኪንግስተን በተጠጋ ቁጥር ቤቶቹ አደጋ ላይ ስለሚወድቁ፣ ሰዎች ከመንደሯ ራቅ አድርገው አዲስ መውጫ ቆፍረውለት ያውቃሉ። የብረት መርከብ ሲመጣ የእንጨቱ ሥራ ቀረ፤ የወንዙ መቅበዝበዝ ግን ቀጠለ። በ1886 ከመንደሯ አለፍ ብሎ የባቡር ድልድይ ሲሠራ መሐንዲሶቹ የመካከለኛውን ቅስት ወደ 107 ሜትር ያስረዘሙት፣ የስፔይ መሄጃ እየተቀያየረ ስላስቸገራቸው ነው።