የአሮጊቷ ሣር

ቆርቆሮ ወደ ጣና ደሴቶች ሳይሻገር፣ አብያተ ክርስቲያናቱ የሣር ክዳን በነበሩበት ዘመን፣ በሐይቁ ዳር ባለችው በደልጊ አንድ የእህል ነጋዴ ነበር አሉ። ጎተራው ሞልቶ ሲተርፈው ስለቱ ትዝ አለውና ከደሴቶቹ ወደ አንዱ፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተሻግሮ በዚያ ያረፈውን የነገሥታት ዐፅም ሊሳለም ቆረጠ። ነፋስ ሳይነሣ ለመሻገር በሌሊት ወደ ዳር ወረደ።

ባለታንኳው የታንኳዎቹን ደንገል በእጁ እየጨበጠ ውኃ ያልጠጣችውን ታንኳ ሲመርጥ፣ አንዲት አሮጊት አንድ ሸክም ሰንበሌጥ አዝለው ደረሱ።

«ልጆቼ፣ ይቺን ለገዳሙ አድርሱልኝ። ዳጋን ሴት አይረግጠውም፤ የእጄ ሥራ ግን ይድረስልኝ።»

ነጋዴው ቅር አለው። «እማማ፣ ታንኳዋ ጠባብ ናት፤ ሣሩ ውኃ ከጠጣ ይከብደናል። እኔ ብር ይዣለሁ፤ የእርስዎንም ድርሻ እኔው እሰጥልዎታለሁ።»

አሮጊቷ ሸክማቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ባለታንኳውም ምንም ሳይናገር ሣሩን ከኋላው ጫነና መቅዘፍ ጀመረ።

ዳጋ ከውኃው መሐል ቀጥ ብላ የወጣች ተራራ ናት። ነጋዴው በጥቅጥቁ ደን ውስጥ ዳገቱን ላብ በላብ ሆኖ ሲወጣ ባለታንኳው ወደ ኋላ ቀረ። ታንኳዋን ከውኃ ስቦ፣ ዛፍ ላይ አስደግፎ ማንጠፍጠፍ ነበረበት፤ ካልደረቀች ለመመለሻ አትሆንም።

ከላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ መሰላል ይዘው ቆመዋል።

«ይፍቱኝ አባ። ነገሥታቱን ልሳለም መጥቼ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ትሳለማለህ። ዕቃ ቤቱ ግን ያፈሳል። ክረምቱ ሳይገባ ልንከድነው ነበር፤ ሣር ይዘህ ይሆን?»

«ብር ይዣለሁ አባ።»

«እግዜር ይስጥልን። እዚህ ያለው ደን ነው፤ የክዳን ሣር የለንም። ብር ደግሞ ዝናብ አይመልስም።»

ወደ ውስጥ አስገቡት። ከአንዱ ንጉሥ ሣጥን አጠገብ ቆሞ አንገቱን ደፋ። የትናንቱ ዝናብ ከጣሪያው ጠብ አለና የሣጥኑን ጠርዝ መትቶ ወደ ታች ወረደ። ነጋዴው እጁን ዘርግቶ ሁለተኛዋን ጠብታ በመዳፉ ያዛት፤ ሦስተኛዋን ግን አልደረሰባትም።

በዚህ መሐል ባለታንኳው ሰንበሌጡን ተሸክሞ ደረሰ። መነኩሴው ፈትተው፣ አበጥረው፣ መሰላሉን ወጡ፤ ቀዳዳው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተደፈነ። ነጋዴው ብሩን ሰጠ፤ ተመረቀም። ደልጊ ሲመለስ ግን ቤቱ ሳይገባ አሮጊቷን ፈልጎ አገኛቸው።

«እማማ፣ ሣሩን የሚያጭዱት ከየት ነው?»

ምሳሌው ይህ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ሂሩተ አምላክ እንደተመሠረተ ይነገራል፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ ዐፅም ያረፈበት ነው። ዛሬ የቆመው ሕንፃ ግን የመጀመሪያው አይደለም። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ጥንታዊነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብለው ቅር የሚላቸው ጎብኚዎች አሉ። እኔ የምደነቀው በዚሁ ነው። ከ700 ዓመት በላይ አንድም ትውልድ «ይፍረስ» ብሎ አልተወውም፤ ግንብ ካቆመው ይልቅ በየክረምቱ ዋዜማ ቀዳዳ የደፈነው ስሙ የማይታወቅ ሰው አቆይቶልናል። በሩቅ ምሥራቅም ነገሩ ይኸው ነው። በምያንማር፣ ያንጎን ከተማ ኮረብታ ላይ ያለው የቡድሂስቶች ሽዌዳጎን ፓጎዳ በምድር መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ተጎድቷል፤ ዛሬም የሚያብረቀርቀው ምእመናን ዘመን ከዘመን ወርቅ እየሰጡ ስለሚያስለብጡት ነው።

የእኛ ሰው ግን አሁን አሁን ገዳም ሲሄድ «ምን አያለሁ?» ብሎ ብቻ መሄድ አብዝቷል። ይህ ያሳስበኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም እንጨቱ በምስጥ ይበላል፤ ብራናውን እርጥበት ይጎዳዋል፤ መነኮሳቱም ያረጃሉ። ሥዕሉን አድንቆ፣ ፎቶ አንስቶ መመለስ ብቻውን ለአንዱም አይደርስለትም።

እባካችሁ፣ ከደልጊም ሆነ ከባሕር ዳር ወደ ደሴቶቹ የምትሻገሩ፣ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ገዳሙ ምን እንደጎደለው ጠይቁ። ጧፍ ሊሆን ይችላል፣ ዕጣን፣ ምስማር፣ ወይም ለብራና መጻሕፍቱ ደህና ሣጥን። መሄድ የማትችሉም በሚሄድ ሰው እጅ ላኩ።