የተቀባ ዝገት

በዘንገና ሐይቅ አጠገብ በሚያልፈው የባሕር ዳር መንገድ ላይ አሮጌ የጭነት መኪና አይጠፋም። እኔም ከቆርቆሮ ትንሽ ኤንትሬ (በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊያት 682 ወገን) ሠርቼ ዝገት ስቀባት፣ «አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ውሸት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አዲስ ሥዕል በጭስ አጥቁሮ «ጥንታዊ ነው» እያለ ለቱሪስት የሚሸጥ ሰው እጁ ከእኔ እጅ አይለይም። የሚለየን አፋችን ነው፤ እኔ ማንንም «ይህቺ በእርግጥ ዝጋለች» አላልሁም።

ይሁንና ማንንም ሳላታልል ስለ መኪናዋ ልዋሽ እችላለሁ። ቆርቆሮውን ለአዊ ክረምት ብሰጠው በራሱ ይዝጋል፤ ነገር ግን እውነተኛው ዝገት ለትንሽ መኪና ይገዝፍባታል፣ በሐሰት ይመሰክርባታል። ዝገት ብረት፣ ውኃና አየር የሚገናኙበት ነገር ነው። ስለዚህ ቀለም ከተጫረበት፣ ውኃ ከሚያቁርበት ከበሩ ሥርና ከፓራፋንጎው ጠርዝ ይጀምራል፤ ከብሎኑም በቀጭኑ ወደ ታች ይወርዳል። ጭነት ዘወትር የሚፈትገው ወለል ግን ያብለጨልጫል። ለውበት ሲል ቡናማ ቀለም በየቦታው የሚረጭ ሰው ያልተሠራ ሥራ እያወራ ነው።

የበሩን እጀታ ሳልቀባ ትቼዋለሁ። የሾፌር እጅ በየቀኑ የሚያሸው ብረት በቀላሉ አይዝግም።